የውሃልክ ክርን

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ቆሞ ሲለስን አንድ ቀን እንኳ እግሩ ያልከዳው ሰው፣ የወደቀው ከቀለም ባልዲ ላይ ነው። ያውም በገዛ ቤቱ መታጠቢያ ክፍል፣ ያውም ከጉልበት ከፍ ከማይል ባልዲ። ሚስቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ጣራ ልስን ተልጦ አናቴ ላይ ሊወርድ ነው እያለች ስትነዘንዘው ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። እሱ የሰው ቤት ሲያሳምር ውሎ ሲገባ የራሱ አይታየውምና፣ "እሺ፣ የፊታችን እሑድ" እያለ ስንቱን እሑድ አሳለፈ። በመጨረሻ አንዱን እሑድ ምን እንደነካው ሳይታወቅ ባልዲውን ገልብጦ ወጣበት። ባልዲው ተንሸራተተ፤ እሱም በቀኝ ክርኑ አረፈ። ዛሬም ድረስ ነገሩ ከተነሳ ጥፋቱ የሚስቱ ነው ባይ ነው፤ ባትነዘንዘው ኖሮ መች ይወጣ ነበር!

መዝገብ ላይ ያለውን ስሙን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። የተቀረው ሰው ውሃልክ ይለዋል፣ አረፋዋ መስታወት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ግድግዳ መቃናቱን በምትናገረው መለኪያ ስም። ስሙ የወጣለት በከንቱ አይደለም። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ አጠገብ ሲደርስ አንገቱን ዘመም፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና "ሆድ አለው" ካለ፣ አለው ነው። በለሳኞች አነጋገር ሆድ ማለት ወደ ውጭ ትንሽ የተነፋ ቦታ ነው፤ ፊት ለፊት ሲያዩት ደህና መስሎ ብርሃን በጎን ሲመታው የሚያጋልጥ። ዓይኑ ከተጠራጠረ መዳፉን ግድግዳው ላይ ሰደድ ያደርጋል። መዳፉ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም። እንዲህ የሰው ግድግዳ ሲያቃና የኖረ ሰውዬ የገዛ ክንዱ ጠመመበት።

ሐኪሞቹ የተሰበረውን ክርን በሽቦና በብረት አስረው ሰፉት። አጥንቱስ ገጠመ። ስፌቱ ግን ከክርኑ በላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ስንዝር የሚያህል ጠባሳ ትቶ ሄደ። ጄሶው ሲፈታ ክንዱ ከግማሽ አለፍ ብሎ ተዘርግቶ እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በልም ቢሉት ወዲያ የማይል ግትር ሆነ። የላይኛውን መደርደሪያ ለመንካት በእግሩ ጣት መቆም አለበት። "እጅ ያጠረው ሰው ሲባል ድሃ ማለት ይመስለኝ ነበር፣ ለካስ የእውነት ያጥራል" ብሎ ቀለደ በመጀመሪያው ሳምንት። በሁለተኛው ሳምንት ቀልዱ አለቀበት።

ያስቸኮለው ደግሞ ሌላ ጣራ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አብሮት የሠራው ተቋራጭ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣና፣ ብርቱካኑን ራሱ እየላጠ እየበላ፣ ወሬውን አመጣው።

"ያን የሠርግ አዳራሽ ተረክቤዋለሁ። የጣራውን ልስን የዛሬ ሦስት ወር እንጀምራለን። አየህ፣ መስኮቱ በጎን ነው። ፀሐይ ስትገባ እያንዳንዷን ነገር ነው የምታወጣው። ካንተ እጅ ውጭ ማንም እንዲነካው አልፈልግም።"

"ማንም አይነካውም።"

"ካልደረስክ ግን..." አለ ተቋራጩ፤ የብርቱካኑን ፍሬ ከአፉ አውጥቶ የሚጥልበት ፈልጎ አጣ። "ካልደረስክ አማችህ አለ።"

አማቹ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሲሚንቶ ማንኪያውን ካዞላ እንዴት እንደሚጨበጥ ያሳየው፣ አሸዋ ያስነፋው፣ ሲያበላሽ ያስፈረሰው ውሃልክ ራሱ ነው። ሲሠራ ያፏጫል፤ ግድግዳው ግን ግድግዳ ነው። አንድ የሚያናድድ ነገር ቢኖር መልካም ሰው መሆኑ ነው። ዓይን አውጣ ቢሆን፣ ቦታዬን ሊቀማኝ ነው ብሎ መጣላት ይቻል ነበር። እሱ ግን በየሁለት ቀኑ ስልክ ይደውላል፣ "ጋሼ፣ እንዴት ሆነልህ? ሳትመጣ ያቺን ጣራ አልነካትም፣ እመነኝ" ይላል። ውሃልክ ስልኩን ሲዘጋ ጥርሱን እንደነከሰ ነው።

እንዲህ ሆኖ ነው በየሰኞና በየሐሙስ ክሊኒክ መመላለስ የጀመረው። ክሊኒኩ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት አልጋ አለው፤ በየመካከሉ ፈዛዛ አረንጓዴ መጋረጃ፣ ጥግ ላይ ጎማ ኳሶችና የሚለጠጡ ገመዶች። ለእሱ የደረሰው መስኮቱ አጠገብ ያለው ሦስተኛው አልጋ ነው። ገና ጋደም ከማለቱ ዓይኑ ጣራው ላይ ተተከለ።

"ይሄን ጣራ የለሰነው ማነው?"

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እጇን እየታጠበች ነበር። ከሠላሳ የማትበልጥ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥፍር አድርጋ ያሰረች፣ ክንዶቿ ከእሷ ቁመት የማይጠበቅ ጉልበት ያላቸው ሴት ናት። "እኔ እንጃ ጋሼ፣ ስቀጠርም እንዲሁ ነበር። ምን ሆነ?"

"ሆድ አለው።"

ቀና ብላ አየች። "አይታየኝም።"

"አንቺ አይታይሽም። ለእኔ ግን ነፍሰ ጡር ነው።"

ሳቀች። ከዚያም እንደ መቀስ የሚከፈት ማስመሪያ አውጥታ የማስመሪያውን አንድ እግር ከክርኑ በላይ፣ ሌላውን ከክርኑ በታች አድርጋ ለካችው። "ሠላሳ አምስት ዲግሪ ይቀረዋል፣ ቀጥ ለማለት።" ውሃልክ ግድግዳ ሲለካ እንጂ እሱን ሲለኩት አያውቅምና ነገሩ ከበደው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የራሱን የማዕዘን መለኪያ በፌስታል ይዞ መጣ። የሱም ሠላሳ አምስት አለ። አኮረፈ።

የምታሽበትን መሣሪያ መጀመሪያ ሲያያት ግን ደስ አለው። እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎበጥ ያለች፣ ከመዳፍ የማትሰፋ፣ ጠርዟ በጥንቃቄ የተሞረደች የማይዝግ ብረት ናት። በግራ እጁ ተቀብሎ መዘናት፤ አውራ ጣቱን ጠርዟ ላይ አስኬደ።

"ጥሩ ብረት ነው። ትንሽ ቀና አድርገሽ ያዣት እንጂ፣ እንደዚያ ካስተኛሻት አታነሳልሽም።"

"እዚህ የምናነሳው ነገር የለም ጋሼ። እሺ፣ ዘና ይበሉ።"

ጠባሳው ዙሪያ ቅባት ቀባችና ብረቷን ወደ ታች፣ ከዚያ በጎን፣ ከዚያ ገደድ አድርጋ አስኬደች። ጠባሳው ላይ ስትደርስ ከቆዳው ሥር ያልተነፋ አሸዋ ያለ ይመስል ኮርኮር አለ። ለእሷ በብረቱ በኩል ይሰማታል፤ ለእሱም እስከ ጥርሱ ድረስ ተሰማው። ከጠባሳው ወጥታ ክንዱ ፊት ላይ የደረቀውን ጡንቻ ደግሞ ረዘም ረዘም አድርጋ ሄደችበት። ቆዳው ቀላ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ መሣሪያዋን አስቀመጠች።

"አለቀ?"

"ለዛሬ አለቀ። ጠባሳው ሥሩ ያለውን ይዞታል። ለዚህ ነው የማይዘረጋው።"

"ይዞታል?"

"አዎ፣ ይዞታል።"

ነገር የተበላሸው እዚህች ቃል ላይ ነው። ለሌላው ሰው ያዘ ማለት ጨበጠ ማለት ነው፣ ወይም ያዝ አድርጎ አቆየ። ለለሳኝ ግን ሲሚንቶ ያዘ ማለት አበቃለት ማለት ነው። ሲሚንቶ ሳይዝ በፊት እንደፈለጉ ያደርጉታል፤ ይጨምሩበታል፣ ይቀንሱለታል፣ በውሃ ያባብሉታል። ከያዘ በኋላ ግን ወይ ትተዉታላችሁ፣ ወይ በመሮና በመዶሻ ታወርዱታላችሁ። ማሻሸት የሚባል ነገር የለም። ውሃልክ ከክሊኒኩ ደረጃ እየወረደ ይህን አሰበ፤ ይቺ ልጅ የያዘ ነገር በቅባት ልታሻሽልኝ ነው እንዴ? አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቡ ከእሷ ጋር አልነበረም።

ቤት የሚሠራው እንቅስቃሴ አዝዛለት ነበር። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ፎጣ አጥፎ፣ ክርኑን ፎጣው ላይ አሳርፎ፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ይዞ ክንዱ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ እንዲወርድ መጠበቅ። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ስድስት ጊዜ። "መሣሪያው ብቻውን ምንም አያደርግም ጋሼ፤ እኔ የማላላውን እርስዎ ካልዘረጉት ተመልሶ ይጠብቃል" ብላዋለች። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ባለ ሃምሳ ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት የተሸከመ ሰው፣ ጠርሙስ ይዞ እንደ ሕፃን መቀመጡ አልዋጥልህ አለው። በቀን ስድስት ጊዜ የተባለው ሁለት ሆነ፤ ሁለቱም አንዳንድ ቀን ይረሳል። ሚስቱ ጸሐፊ ከሆነችበት የትምህርት ቤት ቢሮ እየደወለች "ሠራህ?" ስትለው "ሠራሁ" ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

በአራተኛው ሳምንት ማስመሪያው ሃያ ዘጠኝ አለ።

"ጎበዝ!" አለች ባለሙያዋ።

ጎበዝ? በአንድ ወር ስድስት! ውሃልክ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ በጣቱ ሲቆጥር ሄደ። እንዲህ ከሆነ ጣራው ሌላ ሰው እጅ ላይ አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አዳራሹ ውስጥ ሰው ጭፈራ ጀምሮ ነው እሱ ክንዱን የሚዘረጋው። ቤት ሲገባ ስልኩ ጮኸ፤ አማቹ ነው። "ጋሼ፣ ተቋራጩ መወጣጫውን ላስተክል ወይ አለኝ፣ ጋሼን ጠይቅ አልኩት።" እንዲህ ያለ መልካም ሰው አንዳንዴ ቢሞት አይከፋም ብሎ አሰበና ወዲያው ደንግጦ "ይቅር በለኝ" አለ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሚስቱ ሥራ እንደሄደች፣ የዕቃ ሳጥኑን ከፈተ። ስፓቱላውን አወጣ፣ ቀለም የሚፋቅበትን ሰፊውንና ለስላሳውን። ጠርዙን እንደ እሷ መሣሪያ እስኪሆን ድረስ በሞረድ ክብ አደረገው። ሥራው ሥራ ነውና በጣም አምሮለት ነበር። ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት አመጣ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ በኩል ተቀመጠ፣ ስፓቱላውን ቀና አድርጎ ያዘ፣ እሷ እንደምታስተኛው ሳይሆን ብረት እንደሚያዝ፣ ከዚያም የያዘን ነገር እንደሚያወርድ ሰው ጠባሳውን ይፍቀው ጀመር። አመመው፤ ማመሙ አስደሰተው። ሕመም ካለ ሥራ አለ ማለት ነው አለ። ግማሽ ሰዓት ፋቀ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰዓት። በሦስተኛው ቀን ከሐሙስ ቀጠሮው ቀርቶ፣ ክንዱ ትኩስ ሆኖ ሲያገኘው "ይኸው፣ እየላላ ነው" ብሎ ደገመው።

በአራተኛው ቀን ሚስቱ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ አየሩን አሸተተች።

"ምን ጠብሰህ ነው?"

"ምንም አልጠበስኩም።"

"ዘይት ይሸተኛል እኮ።" ድስቱን አየች፤ ንጹሕ ነው። እሱን አየች፤ በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለብሷል። ሄዳ እጅጌውን ሰበሰበችው። ከክርኑ በላይና በታች ያለው ሥጋ እንደ ደበርጃን ጠቁሯል፤ ጣቶቹ አብጠዋል። ከዚያ ድምጿ ቀጠነ፦ "አንተ ሰውዬ፣ ክንድህን ነው እንዴ የጠበስከው?"

"አንቺ የመታጠቢያ ቤቱን ጣራ ባትነዘንዢኝ..."

"ዝም በል! ዛሬ እሷን ጣራ ካነሳሃት ሁለተኛውን ክርንህን እኔ ነኝ የምሰብረው!"

ይህን ብላ አለቀሰች። ውሃልክ ሚስቱ ስታለቅስ የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው ነው፤ በረዶ አምጥቶ ለራሱ ክንድ ያዘና አጠገቧ ተቀመጠ።

ሰኞ ባለሙያዋ እጅጌውን ስትሰበስብ አልጮኸችም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። ማስመሪያዋን አውጥታ ለካችው። አርባ አራት። ሲጀምር ከነበረበት ሁሉ የባሰ።

"ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ።"

"በምን?"

ስፓቱላውን ከፌስታሉ አወጣ። አሁንም ቢሆን አሞራረዱን እንድታይለት ትንሽ ልቡ ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ተቀብላ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችውና ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

"ቆዳዎ መቅላት ነበረበት እንጂ መጥቆር አልነበረበትም። ለሁለት ሳምንት አልነካዎትም። ጋሼ፣ ለምን? እኔ ምን በድዬ ነው?"

"አንቺማ ምን በደልሽ! ግን ራስሽ ይዞታል አላልሽም? የያዘ ነገር ይወርዳል እንጂ ይዳበሳል?" ድምፁ ከፍ አለ፤ ከሁለተኛው አልጋ በመጋረጃው በኩል አንድ ሰው አሳለ። "ሦስት ወር ነው የሰጡኝ! ሁለት ወር ነው የቀረኝ! አንቺ በቅባት ታባብይዋለሽ!"

"ያዘ ማለት ለእናንተ ምን ማለት ነው?"

ነገራት። ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መሮና መዶሻ ነገራት። እየነገራት ራሱም የሆነ ነገር እንዳመለጠው ይሰማው ጀመር፤ ይህ ደግሞ ይብስ አናደደው። እሷ አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማችው።

"እኔ ያልኩት እኮ ልጅ የእናቱን ቀሚስ እንደሚይዘው ነው" አለች በመጨረሻ። "ሲጮኹበት ይለቃል? ይብስ ይጨብጣል። ሲቆስል ሌላ ጠባሳ ነው የሚሠራው። ደግሞ ጠባሳ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም ጋሼ፤ ዓመት ድረስ ሊለወጥ ይችላል። የእርስዎ ገና አምስት ወሩ ነው።"

ውሃልክ ጠባሳውን በጣቱ ነካ አደረገ። "እንግዲያ በኛ ቋንቋ ገና አልያዘም ነው የምትይኝ።"

"በእናንተ ቋንቋ፣ አዎ፣ ገና አልያዘም። ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።"

"እና ይሄን መጀመሪያ አትነግሪኝም ነበር?"

"ለሳኝ መሆንዎን እንጂ ቃሉ እንደሚያጣላን በምን ልወቀው?" አለችው፤ እሷም ተናዳ ነበርና።

ሁለቱ ሳምንት አለቀና ብረቷ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ሳምንታት ውሃልክ በደስታ አሳለፋቸው የሚል ቢኖር ዋሽቷል። ጠርሙሱን በቀን ስድስት ጊዜ ያዘ፤ ስድስቱንም ጊዜ ጠላው። ሰዓቱ ላይ አፍጥጦ አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም አወቀ። ሚስቱ አሁን "ሠራህ?" አትልም፤ እየደወለች ስልኩን ከፍታ ዝም ትላለች፣ እሱም "ይዣለሁ፣ ይዣለሁ" ይላል። አንድ ሰኞ ባለሙያዋ ብረቷን ከማሳረፏ በፊት የግራ እጁን አንስታ ጠባሳው ላይ አደረገችለት።

"ግድግዳ እንደሚዳብሱት ይዳብሱት እስቲ። የቱ ጋ ነው የከፋው?"

መዳፉን ሰደድ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። ከስፌቱ መሃል ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ፣ ቆዳው ከሥሩ ጋር አብሮ የሚጎተትበት ቦታ አገኘ። "እዚህ።" እሷ ብረቷን አምጥታ እዚያው ላይ ስታስኬዳት ያ የአሸዋ ድምፅ መጣ። "እኔ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ" አለች እየገረማት። ያን ዕለት ብቻ ነው ከክሊኒኩ ሳይበሳጭ የወጣው። ማስመሪያው በየሳምንቱ ወረደ፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሃያ ሰባት፣ በመጨረሻ ሃያ ሁለት። የተቆረጠው ቀን ደግሞ ሃያ ሁለት ላይ እንዳለ ደረሰ።

አዳራሹ ሰፊና ባዶ ነበር። ጠዋት ነው፤ ሰማዩ ደመና ስለነበረ በጎን መስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን ደካማ ነው። መወጣጫው ተተክሏል፣ ሲሚንቶው ተቦክቷል። ተቋራጩ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አማቹ የውሃልክን የሥራ ዕቃዎች አጥቦ አሰልፎ ይጠብቁታል።

"እጅህ እንዴት ነው?" አለ ተቋራጩ።

"አለ።"

"እስቲ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል አሳየኝና ልሂድ።"

ወጣ። ካዞላውን ጨበጠ። ሲሚንቶው ጣራው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ያ ጥፍጥፍ የሚል ድምፅ ከስንት ወር በኋላ ጆሮው ሲገባ ዓይኑ ውሃ አቀረረ፤ አማቹ እንዳያይበት ቀና ብሎ ቆየ። ከዚያ ረጅሙን ማስተካከያ ሳበ፤ ከዚያ ፍራታዞውን፣ የሚያለሰልሰውን የእንጨት ሰሌዳ ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ ጠራረገ። ክንዱ እስከሚሄድበት ሄደ። ሲያልቅበት ወገቡን ሰበቀ፣ ትከሻውን አስረዘመ፣ ላቡ ከአንገቱ ወረደ። ጠባሳው ተሳበ እንጂ አልከለከለውም። ሲጨርስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ተቋራጩ ከታች ሆኖ አንጋጠጠ። "ይኼው! ውሃልክ እኮ ውሃልክ ነው። አለቀ፣ ሥራውን ያዝ። እኔ ሌላ ቦታ ይጠብቁኛል" አለና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወደ በሩ አመራ።

ያዝ አለው። ሦስት ወር ሙሉ ሲጠብቀው የነበረው ቃል ይህ ነው። አማቹ ከታች ሆኖ አንድ ጊዜ አፏጨና "ጋሼ! አላልኩህም?" አለ። ውሃልክም ደስ ሊለው ሲል ደመናው ገለጥ አለ፤ ፀሐይዋም በጎን መስኮት ገባች።

አንገቱን ዘመም አደረገ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

ሆድ አለው። ያውም አንድ ቦታ ላይ ያለ ድንገተኛ ስህተት አይደለም። ከዳር እስከ ዳር የሄደ ስስ እብጠት ነው፤ ክንዱ በየጠረጋው የሚያልቅበትን ቦታ ተከትሎ ጣራው ላይ ተሰምሯል። ሃያ ሁለት ዲግሪው እዚያ ላይ ተጽፏል። ወገቡም ትከሻውም ሊደብቁለት አልቻሉም። መዳፉን ሰደደ፤ መዳፉም ያንኑ አለው።

ተናደደ። በክርኑ ተናደደ፣ በባልዲው ተናደደ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በዘይት መፋቁ ባሳጣው ሳምንታት ከሁሉ ይልቅ ተናደደ። እነዚያ ሳምንታት ቢኖሩ ምናልባት አሥር ሆኖ ይደርስ ነበር፤ አሥር ቢሆን ወገቡ ይሸፍንለት ነበር። ተቋራጩ በሩ ጋ ደርሷል። አላየም። ዝም ቢባል ቀለም ይቀባል፣ ሰው ይገባል፣ ከመቶ ሰው አንዱም አያንጋጥጥም። አማቹም ከሥር ሆኖ ብርሃኑ ሲያልፍ ፊቱ ተለወጠ፤ አየ። አየና ወዲያው ዓይኑን ወደ ባልዲው መለሰ።

"አይተኸዋል?" አለው ውሃልክ ከላይ።

"ምኑን ጋሼ?"

"አትዋሽ። እኔ አይደለሁም እንዴ ማየት ያስተማርኩህ?"

ውሃልክ ካዞላውን አነሳና ያለሰለሰውን ሁሉ ከዳር ጀምሮ ይፍቀው ገባ። እርጥቡ ሲሚንቶ እየተላጠ መወጣጫው ሳንቃ ላይ ጧ ጧ እያለ ወደቀ። ተቋራጩ ድምፁን ሰምቶ ከበሩ ተመለሰ።

"አንተ! ምን ሆንክ? አበድክ እንዴ?"

"ሆድ ነበረው።"

"እኔ እኮ ምንም አላየሁም!"

"አንተማ አታይም" አለ ውሃልክ። ወደ አማቹ ዞረ። "ውጣ፣ ቶሎ በል። ገና አልያዘም። ሳይዝ ድረስበት።"

አማቹ ወጣ። ፍራታዞውን ከእጁ ተቀበለው፤ ሲሠራም እስከ መጨረሻው አላፏጨም። ውሃልክ ወርዶ፣ ግድግዳው ሥር፣ ክንዱ በሚደርስበት ከፍታ ላይ የራሱን ሥራ ጀመረ። ተቋራጩ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አያቸውና ጣራውን ለአማቹ፣ ግድግዳውን ለውሃልክ ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ሦስተኛው አልጋ ላይ ጋደም እንዳለ ባለሙያዋ ማስመሪያዋን ከፈተች። "ሃያ አንድ" አለች። ከዚያ መሣሪያዋን በጨርቅ እየጠረገች ጠየቀችው፦ "ጣራውስ እንዴት ሆነ?"

"ሆድ አወጣ። ፋቅኩት።"

"ውይ ጋሼ።"

"አማቼ ደገመው። ቀጥ አድርጎ ነው የሠራው፣ የተረገመ።" ክንዱን ዘረጋላት፣ እስከሚዘረጋበት። "በይ ሥሪ። አልያዘም ብለሻል።"

ብረቷ ጠባሳው ላይ አረፈች። እሱ ጣራውን አየ። በመስኮቱ ብርሃን ያ ሆድ እንደ ወትሮው እዚያው አለ፤ ከዳር ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል ሄዶ፣ አንድ ቦታ ላይ ያብጥና እንደገና ይጀምራል። ይህን የለሰነው ሰው ስንት ዲግሪ ይቀረው ነበር ይሆን ብሎ አሰበ። ያን ዕለት ስለ ክሊኒኩ ጣራ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።